አልጋ የያዘው ሰዓት

ሲስተር ይርገዱ ይህን ሕልም ያየችው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ለዚያውም ቢሮዋ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ፣ ግንባሯን የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ አስደግፋ። የቀን ሕልም ምን ቁም ነገር አለው የምትሉ ካላችሁ አልከራከራችሁም። ግን መጀመሪያ አስጨርሱኝ።

ይርገዱ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የጥራት ክፍል ነርስ ናት። ሥራዋ መለካት ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ የሚመጡ አረጋውያን በስንት ሰዓት ውስጥ ኦፕራሲዮን ተደረጉ? ማስታገሻ በጊዜው አገኙ ወይ? በማግስቱ ቆመው ተራመዱ ወይ? ጀርባቸው ቆሰለ ወይ? ይህን ሁሉ እየጠየቀች ቅጽ ትሞላለች። ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሠራለት ነገሩ ይበላሻል፤ ሳንባው ይታመማል፣ ጀርባው ይላጣል፣ መቀባዠር ይጀምራል። ይርገዱ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

እያወቀች ነው እንግዲህ ከሁለት ዓመት በፊት ያቺን ብልሃት ያወጣችው። ያኔ በሁለት ቀን የሚሠራላቸው ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ከበላይ የቁጣ ደብዳቤ መጣ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ይርገዱ እጇን አወጣችና፣ «ይቅርታ፣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው በሽተኛው በር ላይ ሲደርስ ነው ወይስ አልጋ ሲይዝ?» ብላ ጠየቀች። የጥራት ክፍል ኃላፊው አቶ ልሳኑ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሲስተር፣ አንቺ እኮ ጭንቅላት ነሽ!» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው በሽተኛው አልጋ ሲይዝ ሆነ። ኮሪደር ላይ በስትሬቸር ሳምንት ይክረም አሥር ቀን፣ አልጋ እስኪይዝ ድረስ ገና እንዳልመጣ ይቆጠራል። ውጤቱ ሽቅብ ተተኮሰ። ለይርገዱም የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅላዋለች።

ባለፈው ሐሙስ ግን አክስቷ ወይዘሮ ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ አንሸራቷቸው ወደቁ። ወላጆቿ ከሞቱ ጀምሮ እጃቸው ላይ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እሷም እታዬ ነው የምትላቸው፤ ሌላ እናት አታውቅም። ጎረቤት ተሰብስቦ ወጌሻ ይጠራ ሲል ይርገዱ ተቆጣች። «እኔ እያለሁ? ሆስፒታሉ ቤቴ አይደለም እንዴ!» አለችና በአምቡላንስ ይዛቸው መጣች። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። እታዬ እስካሁን የድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ፣ ሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ ስትሬቸር ላይ ተጋድመዋል። አልጋ የለም። ይርገዱ ያልለመነችው ሰው፣ ያላንኳኳችው በር የለም። ዛሬ ጠዋትም ጎንበስ ብላ፣ «እታዬ፣ ትንሽ ታገሺ፣ እየተሞከረ ነው» አለቻቸውና ወደ ቢሮዋ ሸሸች። አዎ፣ ሸሸች። ፊታቸውን ማየት አቅቷት።

ሪፖርቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መላክ አለበት። ዝርዝሩ ላይ አሥራ አንድ የዳሌ ስብራት በሽተኞች አሉ፤ አሥራ አንዱም በሁለት ቀን ውስጥ ተሠርቶላቸዋል። መቶ በመቶ። እታዬ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ በደንቡ መሠረት ገና አልመጡማ። ይርገዱ ያቺን «መቶ» እያየች እያየች፣ አምስት ሌሊት ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ያደረች ሴት ናትና፣ ሳታስበው እንቅልፍ ጣላት።

በሕልሟ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማለች። ዘበኞቹ አላፊ አግዳሚውን እየጎተቱ ያስገባሉ። «ግቡ እንጂ! ምነው ትቀራላችሁ? የመጠየቂያ ሰዓት ሊያልፍ ነው፣ ኧረ ግቡ!» አንደኛው እጇን ያዘና፣ «እህቴ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ» ብሎ ለመናት። ሰውን በማባረር የሚታወቅ ዘበኛ ሲለምን ማየት ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን እጇን ነጠቀችው።

ገባች። የካርድ ክፍል ሠራተኞች ካርድ በእቅፋቸው ተሸክመው ግቢውን ይዞራሉ። «የዚህች ካርድ ሰው ጠፍቷል! ያያችሁ?» እያሉ ይጮኻሉ። አንዷ መጥታ አንድ ካርድ ፊቷ ላይ ደቅና፣ «አንቺ ትሆኚ እንዴ?» አለቻት።

«አይደለሁም፣ እኔ ሠራተኛ ነኝ» አለች ይርገዱ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለች ሴትዮዋ፣ አዝና።

ኮሪደሩ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ወይ ጉድ! ሐኪሞቹና ነርሶቹ በግራና በቀኝ ስትሬቸር ላይ ተደርድረዋል። ዳሌው ለተሰበረ ሰው እንደሚደረገው፣ እግራቸው ላይ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ታስሮ ተንጠልጥሏል። በመካከል አሮጊቶች ነጭ ጋዋን ለብሰው ይሯሯጣሉ፤ አንድ ከሰማንያ ዓመት የማያንሱ ሽማግሌ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወረዱ። «ቀስ! አባባ ይወድቃሉ!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩዋትና፣ «አንቺ ለራስሽ እወቂ» አሏት።

እውነታቸውን ነው። ይርገዱ አልወደቀችም፤ እሷማ ቆማለች። ወለሉ ነው የወደቀባት። ብድግ ብሎ መጥቶ ግራ ጎኗን መታትና ተመልሶ ቦታው ላይ ተነጠፈ። ዳሌዋ ቀጭ ሲል በጆሮዋ ሰማችው።

«ይቅርታ እህቴ» አለ ወለሉ፣ «አንሸራቶኝ ነው።»

ሁለት አሮጊቶች ብብቷንና እግሯን ይዘው አነሧትና ስትሬቸር ላይ አጋደሟት። ገፋ ገፋ አደረጓትና ሽንት ቤቱ በር አጠገብ አቆሟት። ቦታውን ወዲያው አወቀችው፤ የእታዬ ቦታ ነው። ግድግዳው ላይ የተላጠው ቀለም እንኳ ያው ነው። ሕመሙ ከዳሌዋ ተነሥቶ እስከ ጥርሷ ድረስ ይሄዳል፤ ትንፋሽ ስትስብ ይወጋታል፣ ስትተነፍስ ይወጋታል።

«ማስታገሻ! ኧረ በእግዚአብሔር ማስታገሻ ስጡኝ!» አለች።

«መጀመሪያ ሕመምሽ ከአሥር ስንት እንደሆነ ይለካል» አለች አንደኛዋ አሮጊት፤ ከጋዋኗም ሥር የእህል ቁና አወጣች። ቁናውን ከይርገዱ አገጭ ሥር ደቀነችና፣ «አቃስቺ» አለቻት።

ይርገዱ አቃሰተች። ቁናው ሞላ፣ ከዚያም ተትረፈረፈ። አሮጊቷ በእጇ ጠርዙን ጠረገችና ልኩን አስተካከለች። «አሥር። ከአሥር በላይ መጻፊያ ቦታ የለንም። ትርፉን መልሱላት።» ሌላዋ አሮጊት መሬት የፈሰሰውን ሰብስባ አፏ ውስጥ መለሰችላት። ቁናውን ይዘውት ሄዱ፤ ማስታገሻ የሚባል ነገር ግን አልመጣም።

በመስኮቱ ፀሐይ ወጣች፣ ገባች። እንደገና ወጣች። ጀርባዋ ያቃጥላት ጀመር። ስንት ሰዓት ሆኖ ይሆን ብላ ግድግዳውን ቀና ብላ ብታይ፣ የግድግዳ ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«ሰዓቱ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች።

«አልጋ ይዟል» አሏት በአንድ ድምፅ፣ ኮሪደሩ ላይ የተኙት ሐኪሞች ሁሉ።

ፊት ለፊቷ ያለው በር በራሱ ተከፈተ። ውስጡ ሰፊ፣ ብሩህ፣ መስኮቱ የተወለወለ ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ ብቻ አለ፤ አልጋው ላይ ያ የግድግዳ ሰዓት በጀርባው ተንጋሎ፣ ብርድ ልብስ እስከ ሦስትና ዘጠኝ ቁጥሩ ድረስ ለብሶ ተኝቷል። ሁለቱን እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል። አንዷ አሮጊት በማንኪያ ሾርባ ታጎርሰዋለች። ሌላዋ ትራሱን ታስተካክላለች። ሦስተኛዋ ቀስ አድርጋ በጎኑ ትገለብጠውና ጀርባውን በቅባት ታሸዋለች።

«በየሁለት ሰዓቱ ነው የምናገላብጠው፣ ጀርባው እንዳይቆስል» አለች ሦስተኛዋ፣ ይርገዱ እያየቻት መሆኑን አውቃ።

«እሱ ተኝቶ ሁለት ሰዓት መሙላቱን በምን ታውቃላችሁ?»

«እሱው በሕልሙ ይነግረናል።»

«እኔስ? እኔን ማን ያገላብጠኛል?»

አሮጊቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «እሽሽ! እንዳትቀሰቅሺው! አንቺ ስትመጪ እሱ ይነሣል።»

«መጥቻለሁ እኮ! ይኸው እዚህ ነኝ!»

በሩ ተዘጋ። ይርገዱ ያን ጊዜ ነው ፍርሃት ፍርሃት ያላት። የፈራችው ሞትን አይደለም። እዚያው ሽንት ቤት በር ላይ እስክትበሰብስ ተኝታ፣ ማንም መምጣቷን ሳያውቅ እንዳትቀር ነው የፈራችው። ክንዷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ፕላስተር ነበር፤ ብታየው «ይርገ» ይላል። ትንሽ ቆይታ ስታየው «ይር» ብቻ ቀርቷል።

ከዚያ ስትሬቸሩ ሳይነገረው ተንቀሳቀሰና ስብሰባ አዳራሽ ይዟት ገባ። ወንበሮቹ ላይ ከዘራዎችና ምርኩዞች ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዳቸው ፊት አንድ አንድ የታሸገ ውሃ አለ። አራት እግር ያለው የብረት መራመጃ ሊቀመንበር ነው። አንድ ቀጭን ከዘራ ቆሞ ሪፖርት ያነባል።

«በዚህ ሩብ ዓመት የተሰበረ ከዘራ አንድ፤ ተጠግኗል። የተሰበረ ሰው፣ የለም። አፈጻጸማችን መቶ በመቶ ነው።»

ከዘራዎቹ ወለሉን እየደበደቡ አጨበጨቡ። «ቀስ በሉ እንጂ፣ የቅድሙ አወዳደቄ ገና አልተሻለኝም!» አለ ወለሉ።

ይርገዱ በክርኗ ተደግፋ ግማሽ ያህል ተነሣች። «ውሸት ነው! እኔ አለሁ! ዳሌዬ ተሰብሮ ኮሪደር ላይ ከሐሙስ ጀምሮ ተኝቻለሁ!»

መራመጃው ወደ ጸሐፊው ዘንበል አለና ምን ተባለ ብሎ ጠየቀ።

«ድምፅ ተሰምቷል፣ ክቡር ሰብሳቢ» አለ ጸሐፊው፣ አጭር ምርኩዝ ነው። «ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ልበል?»

«ድምፅ ተሰማ በል። የማን እንደሆነ ግን አልተመዘገበም። ሻይ ዕረፍት እንውጣ።»

ሁሉም ወጡ፣ ኳ ኳ እያሉ። እሷን እዚያው ጥለዋት ሄዱ። ጩኸቷ ከጉሮሮዋ ወጣ፣ አዳራሹን ዞረ፣ ሰሚ ሲያጣ ተመልሶ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

በዚህ መካከል ነው እታዬ የመጡት። ቀጥ ብለው፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ ዳሌያቸው ደህና ሆኖ! የለበሱት የይርገዱን ጋዋን ነው። ደረታቸው ላይ «ሲስተር ይርገዱ፣ ጥራት ክፍል» የሚል ባጅ አለ፤ ያ ሳሎን የተሰቀለው የምስክር ወረቀት ደግሞ ከነመስታወቱ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በእጃቸው ቅጽ ይዘዋል።

«እታዬ! እፎይ! እታዬ፣ እኔ ነኝ!» አለች ይርገዱ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እታዬ ቅጹን ገለጡ። «መቼ መጣሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ሐሙስ! ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት!»

«አልመጣሽማ። መጥተሽ ቢሆን አልጋ ይዘሽ ነበር።»

«ኧረ እታዬ፣ አታውቂኝም እንዴ? ያሳደግሽኝ ይርጌ እኮ ነኝ!»

«እንዴት አላውቅሽም!» አሉ እታዬ። ጎንበስ ብለው ግንባሯን በመዳፋቸው ደባበሱት፤ ልጅ ሆና ትኩሳት ሲይዛት እንደሚያደርጉት። «እኔማ አውቄሻለሁ። ሰዓቱ ነው ያላወቀሽ።»

«ታዲያ ቀስቅሺው! ንገሪው!»

«ትንሽ ታገሺ» አሉ እታዬ፣ ፊታቸውን ዞር አድርገው። «እየተሞከረ ነው።»

ይህን ብለው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። ይርገዱ ጀርባቸውን አየች። ያ አረማመድ የማን እንደሆነ ገባት፤ የራሷ ነው፣ ጠዋት ከስትሬቸሩ አጠገብ የሸሸችበት። እፍረት መላ ሰውነቷን አነደዳት። ክንዷ ላይ ያለውን ፕላስተር አየችው፤ ነጭ ሆኗል፣ አንድም ፊደል የለበትም።

እንግዲያው ራሴ እቀሰቅሰዋለሁ አለች። ከስትሬቸሩ ላይ ራሷን ጣለች። ወለሉ ይህን ጊዜ እንኳ አዘነላት መሰለኝ፣ ለስለስ ብሎ ተቀበላት። በክርኗ እየዳኸች፣ የሞተ እግሯን እየጎተተች ከአዳራሹ ወጥታ ኮሪደሩን አቋረጠች። በስትሬቸር ላይ ያሉት ሐኪሞች፣ «ተይ! እንዳትቀሰቅሺው! ውጤታችንን ታበላሺያለሽ!» እያሉ ይጮኻሉ። በሩን በግንባሯ ገፋች። አሮጊቶቹ ሾርባውን ጥለው እግሯን ያዙ። እሷ ግን የብርድ ልብሱን ጫፍ አገኘችና ባላት ኃይል ጎተተችው። ሰዓቱ ዓይኑን ገለጠ። አያት። አፉን ከፍቶም፣

«ሲስተር! ሲስተር ይርገዱ!» አለ።

ቀና ስትል አቶ ልሳኑ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ነው። ግንባሯ ላይ ሪፖርቱ ተለጥፏል። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«እንዲህ ተኝተሽ ነው ለካ! ተነሽ፣ የምሥራች አለኝ። የአጥንት ክፍል አንድ አልጋ ተለቋል፤ ለአክስትሽ ሰጥተናል። አሁን ወስደዋቸዋል። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ተራ ኦፕራሲዮን ይገባሉ።»

ይርገዱ ብድግ ብላ ተጠመጠመችባቸው። ከአለቃ ጋር እንዲህ አይደረግም፤ ግን ደስታ ነው፣ ምን ታድርግ። ዳሌዋንም በእጇ ዳሰሰችው፤ ደህና ነው።

«አሁን ሪፖርቱ ላይ አሥራ ሁለተኛ አድርገሽ ጨምሪያቸው» አሉ አቶ ልሳኑ፣ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ። «ሃያ ሰዓት እንኳ አይሞላም እኮ! ከዓመቱ ሁሉ ፈጣኗ እሳቸው ናቸው።»

ይርገዱ የሰማችውን ሳታጣጥም ደረጃውን ወርዳ ወደ አጥንት ክፍል ሮጠች። እታዬ እውነትም አልጋ ይዘዋል፤ ነጭ አንሶላ ላይ ተኝተዋል። አንዲት ወጣት ነርስ ታብሌት ይዛ ታስተናግዳቸዋለች። ይርገዱና ነርሷ ተጋግዘው ቀስ አድርገው በጎናቸው አዞሯቸው። ከወገባቸው በታች፣ መቀመጫቸው ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ቁስል ቀልቶ ተልጧል። አምስት ሌሊት አጠገባቸው ተቀምጣ ይህን አላየችም። እታዬም ትንፍሽ አላሉም።

ነርሷ ታብሌቷ ላይ ነካ ነካ አደረገች። «የመኝታ ቁስል፤ አለ። ከውጭ ይዘው የመጡት።»

«ከየት ውጭ?» አለች ይርገዱ።

«ከአልጋ ውጭ ነዋ፣ ሲስተር። አንቺ አይደለሽ እንዴ ያሠለጠንሽን?» ነርሷ የምሯን ነው፣ ክፋት የላትም። «የመጡበትን ሰዓት ስምንት ከሃያ ልበል?»

ይርገዱ ታብሌቱን ከእጇ ነጠቀቻት። የመግቢያ ቀን የሚለው ላይ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብላ ሞላች። ታብሌቱ ጢጥ አለና በቀይ ጻፈ፤ «የመግቢያ ሰዓት አልጋ ከተያዘበት ሰዓት ሊቀድም አይችልም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች። ለፕሮግራሙ ሠራተኛ ቃል በቃል ያስጻፈችው እሷ ናት፤ ሰው እንዳይሳሳት ብላ። አጠፋችና እንደገና ሐሙስ ብላ ሞላች። ቀይ። ሦስተኛ ጊዜ ሞላች፤ መስታወቱ ላይ እንባዋ ወደቀበት። ቀይ።

እታዬ ከትራሱ ላይ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሕመሙ ፊታቸውን ቢያጨማድደውም እጃቸውን ዘርግተው ክንዷን ያዙ።

«ይርጌ» አሉ፣ ነርሷ እንዳትሰማ ዝቅ አድርገው። «የሚቆጡሽ ከሆነ ተዪው፣ የኔ ልጅ። አሁን መጣች በያቸው።»